ክረምት የማይበላው የእግር መንገድ ኮረብታ ላይ እንዴት ይሠራል?

ሐዋሳ ያለው የታቦር ኮረብታ ላይ ጠዋት ጠዋት ዶማ ይዘን ስንወጣ የሚያገኘን ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። ስፖርት ሊሠራ የወጣው ይጠይቃል፣ ተማሪው ይጠይቃል፣ ሐዋሳን ሊያይ ከሌላ ከተማ የመጣውም ይጠይቃል። «የኛም ሰፈር ኮረብታ አለ፣ እንዲህ ያለ መንገድ ከየት ነው የሚጀመረው?» ማታ ደግሞ ያው ጥያቄ ስልኬ ላይ ይመጣል። መልሱ በሁለት መስመር አያልቅም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፤ ከአሁን በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ የምልከው ይህንን ነው።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙ። ከታች ያለው ሥራ ሁሉ፣ ልኬቱም ቁፋሮውም ድንጋዩም፣ የሚሠራው ለውሃ ተብሎ ነው። የዝናብ ውሃ መንገዱን አቋርጦ ቢያልፍ ጉዳት የለውም። መንገዱን ይዞ ቁልቁል መውረድ ከጀመረ ግን በአንድ ክረምት ቦረቦር ያደርገዋል። የሐዋሳ አካባቢ አፈር አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ቀላልና ልል ስለሆነ ውሃ ሲነካው አብሮ ይሄዳል። የሚሄደው ደግሞ ወደ ሐይቁ ነው። ከሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የገባው ደለል እዚያው ይቀራል።

ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት

ፈቃድ ጠይቁ። ቀበሌ ሂዱ፣ ቦታው መናፈሻ ወይም ጥብቅ ደን ከሆነ የሚያስተዳድረውን ጽሕፈት ቤት አነጋግሩ፣ ከታች የሚኖሩትንና ከብት የሚያሰማሩትንም አናግሩ። ይሄ ለወግ አይደለም። ከብቶቹ የሚወጡበትን መስመር ሳታውቁ ከሠራችሁ የለፋችሁበትን በሳምንት ይንዱታል።

ጊዜው ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር ይሁን። ክረምቱ ወጥቷል፣ አፈሩ ግን ገና እርጥበት አለው፣ ሲጠቀጠቅ ይይዛል። ጥርና የካቲት ላይ ያው አፈር ዱቄት ይሆናል፤ ብትጠቀጥቁትም አቧራ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ የበልግ ዝናብ ስለሚመጣ ያልተጠናቀቀ ቁፋሮ ክፍት አትተዉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለአምስት ስድስት ሰው)

- ዶማ 3፣ አካፋ 2፣ ድጅኖ 1
- ባለ ጥርስ መቧጠጫ 1፣ አትክልተኞች ቅጠል የሚሰበስቡበት ብረት
- የእጅ መጋዝና ገጀራ
- ባሬላ 1። የእጅ ጋሪ ጠባብ ዳገት ላይ ይገለበጣል፣ ባሬላ ይሻላል
- መጠቅጠቂያ 1። ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ኮንክሪት ሞልታችሁ መሃሉ ላይ የብረት ቱቦ አቁሙበት፣ ሲደርቅ ጨረሳችሁ። ሰፈር ውስጥ ክብደት የሚያነሳ ልጅ ካለ አሠራሩን ያውቃል
- ሜትር፣ ሲባጎ፣ ቱንቢ፣ ውሃ ልክ
- ቀጥ ያለ የ1 ሜትር እንጨት
- 2 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት አጣናዎችና አንድ አጭር ማገር
- ችካል 50 ያህል፣ ጫፉ ቀለም የተቀባ
- ባለ 2 ሊትር ባዶ ሃይላንድ፣ ውሃ የተሞላ
- ጓንት፣ ጠንካራ ጫማ፣ መነጽር፣ ማስክ፣ ፋሻና ፕላስተር፣ በቂ የመጠጥ ውሃ

አሠራር

1. ባዶ እጃችሁን ዙሩ። ከተቻለ ዝናብ ሲዘንብ ወይም እንዳባራ ሂዱ። ውሃው ከየት ይመጣል፣ የት ይሰበሰባል፣ ሰው አሁን የሚወጣበት አቋራጭ የትኛው ነው? ሐይቁ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ድንጋይ ካለ መንገዱን እዚያ ማድረስ ግዴታችሁ ነው። ካላደረሳችሁት ሰው በራሱ ይሄድበታል፣ በራሱ የሚሄደው ደግሞ ሁሌም ቀጥ ብሎ ነው። ሁለት ቦታ ሽሹ፦ ከላይ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን መስመርና ከሥሩ ያለውን ሜዳ። ሜዳው ቀላል ይመስላል፤ ውሃ መውጫ ስለሌለው ግን ጭቃ ይሆናል፣ ሰው ጭቃውን እየሸሸ ያሰፋዋል።

2. ኤ-ፍሬም ሥሩ፤ የላቲኑን A ፊደል የሚመስል፣ የመንገዱን ቁልቁለት የምትለኩበት የእንጨት ዕቃ ነው። ሁለቱን አጣናዎች ጫፋቸው ላይ እሰሩ፣ እግሮቻቸውን በትክክል 2 ሜትር አራርቁ፣ ማገሩን መሃል ላይ አግድም ምቱ። ከላይ ቱንቢ አንጠልጥሉ። ቱንቢ ከሌለ ድንጋይ በሲባጎ ይበቃል። የተፋሰስ ሥራ ላይ እርከን የቀየሰ ዘመድ ካላችሁ ይህን ዕቃ ያውቀዋል፣ ጥሩት።

አሁን አስተካክሉት። ሁለቱን እግሮች መሬት ላይ አቁማችሁ ሲባጎው ማገሩን የሚነካበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ግራና ቀኙን እዚያው ቦታ ላይ አቀያይሩና እንደገና ምልክት አድርጉ። የሁለቱ ምልክቶች መሃል እኩል ልክ ነው። ይህን ማስተካከያ የዘለለ ሰው የሚለካው ሁሉ ስህተት ነው፤ አጣና መቼም ቀጥ ብሎ አያውቅም።

3. የዳገቱን ልክ እወቁ። የ1 ሜትሩን እንጨት አንድ ጫፍ ዳገቱ ላይ አሳርፉ፣ በውሃ ልክ አግድም አድርጉት፣ ከሌላው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ለኩ። 40 ሴንቲ ከወጣ ዳገቱ 40 በመቶ ነው። ሌላ ሂሳብ የለውም።

ሕጉ እንዲህ ነው፦ የመንገዳችሁ ቁልቁለት የዳገቱን ግማሽ መብለጥ የለበትም። ዳገቱ 15 በመቶ ከሆነ መንገዱ ከ7 አይለፍ። ዳገቱ 40 ሲሆን ግማሹ 20 ነው፤ በኛ አፈር ላይ ግን በአማካይ ከ10 አትውጡ። ለምን? ውሃ በጣም ቁልቁል ወደሆነው አቅጣጫ ነው የሚሄደው። መንገዱ ከግማሽ በላይ ከጋደመ ውሃው አቋርጦ ማለፉን ይተውና መንገዱን ይዞ ይወርዳል።

4. ቀይሱ፣ ችካል ምቱ። ለ8 በመቶ ቁልቁለት የኤ-ፍሬሙ አንድ እግር ሥር 16 ሴንቲ የእንጨት ቁራጭ ምቱበት (2 ሜትር ላይ 16 ሴንቲ ማለት 8 በመቶ ነው)። ከላይ ጀምሩ። የተቀጠለው እግር ሁሌም ወደምትወርዱበት ይሁን። ሲባጎው መሃል ምልክቱ ላይ ሲያርፍ ችካል ምቱ፣ ፍሬሙን አንሱና የኋላውን እግር ችካሉ ጋ አድርጋችሁ ቀጥሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳውን ልንገራችሁ። መንገዱ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ እየወረደ መሄድ የለበትም። በየ10 እስከ 15 ሜትሩ ለሁለት ሦስት ሜትር መልሶ ትንሽ ከፍ ይበል፣ ከዚያ እንደገና ይውረድ። ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ውሃው ማምለጫ ያገኛል፣ መልሶ ከፍ ያለው ደግሞ እንዳያልፍ ይገታዋል። እኛ «ኮርቻ» እንለዋለን፣ ቅርጹ የፈረስ ኮርቻ ስለሚመስል። ኮርቻ ሲቀየስ ካልገባ በኋላ ማስገባቱ ትልቅ ጣጣ ነው፤ እኔ በአንድ መስመር ላይ ረስቼው ሁለት ቅዳሜ ከሰል እንደሚያወጣ ሰው ስቆፍር ውያለሁ።

ዛፍ ከገጠማችሁ ከዛፉ በላይ እለፉ። ከታቹ ብትቆርጡ ሥሩ ይጋለጣል። መታጠፊያ የግድ ከሆነ ዳገቱ ረገብ ያለበት ቦታ ፈልጉ፣ በላይኛውና በታችኛው መስመር መካከል ቁጥቋጦ ወይም ትልቅ ድንጋይ ይኑር። ሰው ቀጣዩን መስመር እግሩ ሥር ካየ መታጠፊያውን ጠብቆ አይዞርም፣ ይዘላል።

ችካሉ ሲያልቅ ሌላ ሰው መስመሩን እንዲሄድበት አድርጉ። እናንተ ለምዳችሁታል፣ ስህተቱን አታዩትም።

5. ጥረጉ። ከመሬት እስከ 2.5 ሜትር ከፍታ፣ በግራና ቀኝ ከመንገዱ ጠርዝ ግማሽ ሜትር። ከፍታው የበዛ ይመስላችኋል፤ ቅርንጫፍ ዝናብ ሲጠጣ እንደሚጎነበስ አትርሱ። ቅርንጫፉን ግንዱ ጋ ካለው እብጠት ውጭ ቁረጡ፣ እብጠቱን አትንኩ፤ ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው በሱ ነው። አገር በቀል ዛፍ በፍጹም አይቆረጥም፣ መስመሩን አንቀሳቅሱ።

6. መደቡን፣ ማለትም ሰው የሚረግጠውን ጠፍጣፋ ወለል፣ ቁረጡ። መጀመሪያ ቅጠሉንና ጥቁሩን የላይ አፈር አንስታችሁ ለብቻ አኑሩ፣ ለተከላ ትፈልጉታላችሁ። መንገዱ ላይ ከተተወ ይበሰብስና ይሰጥማል።

ከዚያ ዳገቱን ወደ ውስጥ ቆርጣችሁ 1 ሜትር ስፋት ያለው መደብ አውጡ። ሙሉው ስፋት ያልተነካ መሬት ላይ ይረፍ። ብዙ ሰው ግማሹን ይቆርጥና የቆረጠውን አፈር ወደ ውጭ ገፍቶ ግማሹን ይሞላል፤ ሥራ ይቀንሳል፣ ግን የተሞላው ጎን በመጀመሪያው ዝናብ ይሰነጠቃል፣ በሁለተኛው ይሄዳል። 40 በመቶ ዳገት ላይ 1 ሜትር መደብ ስታወጡ በውስጥ በኩል 35 ሴንቲ ያህል ጥልቀት ትቆርጣላችሁ። የውስጡን ግድግዳ ቀጥ አድርጋችሁ አትተዉት፣ ወደ ኋላ አጋድሙት፣ ካልሆነ ተንዶ መንገዱን ይዘጋዋል።

የወጣውን አፈር በባሬላ ወስዳችሁ የድሮውን ቦረቦር ሙሉበት። ጠርዝ ላይ ከከመራችሁት ግንብ ሆኖ ውሃውን መንገዱ ውስጥ ይይዘዋል።

7. ወደ ውጭ አጋድሙ፣ በሃይላንድ ፈትኑ። መደቡ ከውስጥ ወደ ውጭ በ1 ሜትር 5 ሴንቲ ዝቅ ይበል። ከዚህ ካነሰ ውሃ ይቆማል፣ ከ7 ካለፈ ሰው ሲሄድ ቁርጭምጭሚቱን ያመዋል።

ሙከራው ቀላል ነው። ሃይላንዱን ከውስጥ ግድግዳው ሥር ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ውሃው አቧራውን እየላሰ እንደ ጣት ቀጭን ሆኖ ይሄዳል። በአንድ እርምጃ ርቀት ውስጥ ታጥፎ በጠርዙ ከወረደ ጥሩ ነው። መንገዱን ይዞ ሁለት ሦስት እርምጃ ከተጓዘ እዚያ ቦታ ላይ መቧጠጫውን አንሱ። በየ5 ሜትሩ አድርጉት። ውሃ ማባከን ነው ያለን ልጅ ነበር፣ በሐምሌ መጥቶ ሲያየው ገባው።

8. ጠቅጥቁ። አፈሩ ትንሽ እርጥብ ይሁን። እፍኝ አፈር ጨብጡ፤ እጃችሁን ስትከፍቱ ቅርጹን ከያዘ፣ በአውራ ጣት ስትጫኑት ለሁለት ከተከፈለ ልክ ነው። ከተበተነ ውሃ እርጩ፣ እጃችሁ ላይ ከተለጠፈ ጠብቁ። የሞላችሁት ቦታ ካለ በ10 ሴንቲ ድርብርብ እየሞላችሁ እያንዳንዱን ለየብቻ ጠቅጥቁ። 30 ሴንቲ አፍስሶ ከላይ መምታት ላዩን ብቻ ነው የሚያጠብቀው። ልል ቦታ ላይ ገረጋንቲ ብታገኙ አልብሱት፣ ጭቃውን ይቀንሳል።

9. ደረጃ የግድ ከሆነ ብቻ። ዞሮ ማለፍ የማይቻልበት አጭር ቁልቁለት ላይ ነው የሚሠራው። ከታች ጀምሩ። እያንዳንዱ ድንጋይ የታችኛው ድንጋይ ጀርባ ላይ ትንሽ ተደርቦ ይቀመጥ፣ ያኔ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። ከፍታው ከ15 እስከ 18 ሴንቲ፣ የመርገጫው ጥልቀት ቢያንስ 30 ሴንቲ። ድንጋዩ ሁለት ሰው በባሬላ የሚሸከመው ያህል ይክበድ፤ አንድ ሰው በእጁ የሚያነሳው ድንጋይ በእግር ይነቀላል። ከኋላው ጠጠር ጠቅጥቁ። ላዩን በትንሹ ወደ ፊት አጋድሙት፣ ውሃ አይቋጥር።

ድንጋዩን በመዶሻ ምቱት። ጥርት ያለ ድምፅ ካሰማ ውሰዱት። ደፈን ያለ ድምፅ ካሰማ ወይም ለመጠኑ በጣም ቀላል ከሆነ፣ ያ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ዓይነት ፑሚስ ነው፣ ለደረጃ አይሆንም።

10. አሮጌውን አቋራጭ ዝጉ። አዲሱ ተሠርቶ አሮጌው ክፍት ከሆነ ሰው ሁለቱንም ይጠቀማል። የግራር እሾህ መጣል አትመኑ፣ በማግስቱ ለማገዶ ይወሰዳል። (እኛ ሦስት ጊዜ ጥለናል። ሦስቱንም ጊዜ ተወስዷል።) ቦረቦሩ ውስጥ በየጥቂት ሜትሩ የድንጋይ ክትር አግድም ሥሩ፣ መሃሉ ዝቅ፣ ዳርና ዳሩ ከፍ ያለ፣ ውሃው ዳሩን ቆርጦ እንዳይዞር። ከኋላው ያኖራችሁትን ጥቁር አፈር ሙሉ፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ቬቲቨር ሳር ትከሉ። መግቢያውና መውጫው ላይ ቃጫ ብትተክሉ ማንም ደፍሮ አያልፍም።

ጥንቃቄ

- ዶማ የሚመታ ሰው ከሌላው ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። በጀርባው ማለፍ የፈለገ ድምፅ ያሰማና ዶማው መሬት እስኪያርፍ ይቁም።
- የዶማው ዛቢያ ከላላ ሥራ የለም። ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት አንድ በአንድ ነቅንቁ።
- ድንጋይ በፍጹም ቁልቁል አትልቀቁ። ከታች ቤት አለ፣ ልጅ አለ፣ ከብት አለ። ድጅኖ ሲሠራ አንድ ሰው ታች ቆሞ መንገደኛ ይመልስ።
- ድንጋይ ስታነሱ ወደ ራሳችሁ አትክፈቱት፣ ከናንተ በሌላው ጎን በኩል ይከፈት። ሥሩ ጊንጥ ወይም እባብ ሊኖር ይችላል።
- ቁልቋል ስትቆርጡ ነጩ ወተቱ ዓይን እንዳይገባ። ይጎዳል፣ ቀላል ጉዳትም አይደለም። መነጽር አድርጉ፣ ጓንቱን ሳታወልቁ ፊታችሁን አትንኩ። ወተቱ ዓይናችሁን ከነካ ብዙ ውሃ አፍስሱበትና ቶሎ ጤና ጣቢያ ሂዱ።
- ደረቅ ወራት ላይ አቧራው ሳንባ ይገባል፣ ማስክ አይቅር።
- ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምራችሁ 4 ሰዓት ተኩል ላይ አቁሙ። ፀሐዩ ከበረታ በኋላ ሰው ይደክማል፣ የደከመ ሰው ደግሞ እግሩን በዶማ ይመታል። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ብረቱን አስቀምጣችሁ ውረዱ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

የመጀመሪያው የኔው ነው። መጀመሪያ የሠራነው መንገድ ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣ በባሕር ዛፍ ግንድ ደረጃ የተደረገ ነበር። ፎቶው ያምራል። ምስጥ ግንዱን ከውስጥ በላው፣ ውሃው በጎን በኩል ሌላ መንገድ ቆፈረ፣ ሰው ደግሞ ደረጃው ሲወላገድበት ጎን ጎኑን መሄድ ጀመረ። መስከረም ላይ ስንመለስ ደረጃው አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ግንድ አትጠቀሙ።

ሁለተኛው፣ ውሃው ከኮርቻው የሚወጣበትን ማፋሰሻ ቆፍሮ መውጫውን መርሳት ነው። ማፋሰሻው መንገዱ ጠርዝ ላይ ካበቃ አፈር ይሞላዋል። ከጠርዙ አልፎ አንድ ሜትር ያህል ቁልቁል እስኪፈስ አስረዝሙት፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ በትኑ፣ ውሃው ሲወድቅ እንዳይቆፍር።

ሦስተኛው ችኩልነት ነው። 200 ሜትር በአንድ ቅዳሜ እንጨርሳለን ብለው ሃምሳ ሰው ይዘው የሚመጡ አሉ። እኛ አምስት ሆነን በአንድ ጠዋት 12 ሜትር ከጨረስን ጥሩ ቀን ነው የምንለው። ሃምሳው ሰው ሦስት ዶማ ይዞ ይቆማል፣ የቀረው ሣሩን ይረግጣል። ብዙ ሰው ካላችሁ ድንጋይ ያመላልሱ።

ጥገና

ግንቦት ላይ አንድ ጊዜ፣ ከክረምቱ በፊት፦ ኮርቻዎቹን ሁሉ ጥረጉ፣ ማፋሰሻውን ክፈቱ። ጠርዙ ላይ በእግር እየተገፋ የተከመረውን አፈር አንሱ፤ ይሄ በየዓመቱ ይመጣል፣ የእናንተ ጥፋት አይደለም፣ መንገድ በተረገጠ ቁጥር መሃሉ ይሰጥማል ጠርዙ ይነሳል። ጥቅምት ላይ ደግሞ የተናደውን ግድግዳ አንሱ፣ የተነቀለ ድንጋይ መልሱ፣ ያደገውን ቅርንጫፍ ቁረጡ።

በመካከል ሐምሌ ላይ አንድ ቀን፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ጃንጥላና አንድ ዶማ ይዛችሁ ከላይ እስከ ታች ውረዱ። ውሃው መንገዱን ይዞ የሚሄድበት ቦታ ባያችሁ ቁጥር እዚያው በዶማው ጠርዙን አንድ ሁለት ጊዜ ቆርጣችሁ ክፈቱለት፣ ችካል ምቱበት። ጥቅምት ላይ ስትመለሱ ሥራችሁ የሚጀምረው ከነዚያ ችካሎች ነው።